በጨው ውሃ ውስጥ የቀረው ድንች

ሐኪሙ ጨው ከከለከለኝ እነሆ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ቢበዛ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ክንዴን በዚያ በሚነፋ ጨርቅ ጠፍሮ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ ደም ግፊትዎ አልወርድ ብሏል፤ ከእንግዲህ ጨው የሚባል ነገር እንዳይነኩ» አለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ያስረዳኝ ጀመር። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ሲበዛ ደም ሥሩ ይጨናነቃል፣ ኩላሊትም ይደክማል እያለ። ጠመኔ ይዤ ይህንኑ ስለፈልፍ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴትዮ መሆኔን ምን አውቆ! ዝም ብዬ ሰማሁት፤ መጨረሻ ላይ «ገባዎት?» ሲለኝም «ገባኝ» አልኩት። ያንን «ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ተናግሬው ይሆን? አንድም ቀን እውነተኛ መልስ አግኝቼበት አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ጨው የሌለውን ሽሮ ስጎርስ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚሉት ተረት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ጨው ከአፌ ሲወጣ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ መሰለኝ። ባለፈው ሰሞን ልጄ ለጥብስ የከተፈችውን ድንች ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋው ወደ ሥራ ሄደች። እኔም ሻይ ላፈላ ወደ ማድ ቤቱ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ። የጥሬ ድንችና የጨው ውሃ ሽታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ልብም አይለው። እኔን ግን እግሬን ያዘኝ። ከሳህኑ አንዷን ቁራጭ አንስቼ በጣቶቼ መካከል ባጥፋት ተጣጠፈች። እንደዚያ ነው የምትሆነው። ጥሬ ድንች ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ጨው ውሃውን የጠጣበት ድንች ግን እንደ እርጥብ ቆዳ ይለመጣል። ሻዩን ሳላፈላ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

መሐል ሜዳ በተመደብኩበት ዘመን ዕድሜዬ ገና ሃያዎቹን አላጋመሰም ነበር። ከደብረ ብርሃን የተነሳች ሎንችና፣ አናቷ ላይ በግና ጆንያ ተሸክማ፣ ከጣርማበር በኋላ ጉም ውስጥ እየዋኘች ስትወስደኝ ብርዱ በወለሉ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባ ነበር። ሹራብ መስሎኝ የያዝኩትን ስስ ነገር ያየች አንዲት የአገሬው ሴት፣ «ልጄ፣ በዚህች ጨርቅ መንዝን ልትከርሚበት ነው?» ብላ ባናዋን አካፍላኝ ነበር። የበግ ጠጉሩ አንገቴን እየበላኝ፣ ሙቀቱ ግን እንቅልፍ እያመጣብኝ ገባሁ። የቤት ኪራይ ስምንት ብር፣ እንቁላል በአምስት ሳንቲም፣ አንድ መደብ ድንች በስሙኒ ነበር። መናኸሪያው ጥግ ላይ የልብስ ሰፊው ሱቅ ነበረች። ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ፣ ዜና ሲመጣ ዝቅ ያደርጋል። መርገጫውን እንኳ በዘፈኑ ልክ ነበር የሚረግጠው፤ ሐዘንተኛ ዘፈን በመጣ ጊዜ ያሰፋ ሰው ሱሪው ይዘገይበት ነበር። ዛሬ ያ ሬዲዮ የት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ነበሩ። ከጓሳ ጥግ፣ ከቆላው አፋፍ፣ ከየት ከየቱ መጥተው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ይከራያሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ቆሎና ዳቦ ተሸክመው ይመለሳሉ። ከላይ በርኖስ፣ ከታች ካኪ ቁምጣ፣ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ። ሴቶቹ የእናቶቻቸውን መቀነት አጥብቀው ታጥቀው ይመጣሉ፤ «ሆድ ሲታሰር ብርዱም ረሃቡም ይቀላል» ይሉኝ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስረዳቱ ግን በአማርኛ ካልሆነ ማንም አይከተልም። እኔም እወድደው ነበር፣ ምን ይደበቃል! ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ሲያጨበጭቡልኝም ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ሰውነት ሙቀት ሳስተምር መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ እስኪንቀጠቀጡ እጠብቅና፣ «አሁን ማን አዘዛችሁ? ማንም አላዘዛችሁም! ሰውነታችሁ ሙቀቱ እንዳይወርድበት ሥራ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ስለ ሴል ሽፋን ሳስተምር ደግሞ አገሬው በጋራ የሚጠብቀውን የሣር ምድር፣ ጓሳን፣ አነሳለሁ። ሴል ማለት አማርኛው ሕዋስ የሚለው፣ ሰውነት ሁሉ የተሠራበት፣ በዓይን የማትታይ ክፍል ነች። «ጓሳን ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም፤ ጠባቂ አለው፣ ሳሩ የሚታጨድበት ቀን አለው፣ የሚዘጋበት ቀን አለው። ለዚህ ነው ሳሩ የማያልቀው። የሴል ሽፋንም እንደዚያ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን እየመረጠ ውስጡን እንዳለ ያቆያል። ውጭው ሺህ ጊዜ ቢለዋወጥ ውስጡ ይጸናል። ጠባቂው የተሸነፈ ቀን ግን ያበቃል።» ይህን ስላቸው ዓይናቸው ይበራ ነበር።

አስካለ ፊት ለፊት ነበር የምትቀመጠው። ቤቷ ከጓሳ ሥር፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስትናገር ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው፣ ግን የሰማችው ነገር አይጠፋባትም። እኔ ራሴ ያልኩትን ረስቼ እሷ ደብተሯን ገልጣ የምታስታውሰኝ ጊዜ ነበር። ወቅቱ የበልግ መጀመሪያ ነው መሰለኝ፣ ዓርብ ቀን፣ ሦስት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አንዱ ውስጥ ንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው ውስጥ ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ፣ ሦስተኛው ውስጥ ደግሞ እፍኝ ሙሉ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ። በሦስቱም ውስጥ እኩል የተቆረጠ ድንች ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። ሦስተኛውን በደብተር ወረቀት ሸፍኜ፣ «ይሄን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ» አልኳቸው። ወጥ ላይ ቅቤው መጨረሻ ጣል እንደሚደረገው፣ እኔም ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ማቆየት እወድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ወረቀት ነው።

«እንባችሁን ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጀመርኩ። ሳቁ። «ጨው ጨው ይላል አይደለም? ላባችሁስ? ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሰው ሲያስቀምጠው የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ጨው ከሌለ ውሃው ሰውነት ውስጥ አይረጋም። ስለዚህ የሚያስቀምጠው ሰው ጨው ያለበት ውሃ መጠጣት አለበት።» አስካለ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛ አገር በግ ሲያስቀምጠው አሞሌ ጨው ፈርክሰን እንሰጠዋለን። እሱን ልሶ ይድናል» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። ደስታዬ ወሰን አጣ። ድንጋይ የመሰለውን የበግ አሞሌ ከእኔ ትምህርት ጋር ያገናኘችልኝ ልጅ! «አያችሁ? የአስካለ አባት ባዮሎጂ አልተማሩም፣ ግን ያውቁታል! አጨብጭቡላት!» አልኩ። ጭብጨባው ክፍሉን አናጋው። እሷም አንገቷን ቀብራ ፈገግ አለች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ። ደወል ስል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ይወግረዋል። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ግን ስብሰባ ተጠርቷል ተባለ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሲጠራ የጎረሰ እንኳ ሳይውጥ ነው የሚሄደው። «ሰኞ እንጨርሰዋለን! ሦስተኛውን ብርጭቆ ሰኞ!» ብዬ ጮህኩ። ግማሾቹ ሰሙኝ፣ ግማሾቹ በሩን አልፈው ነበር። አስካለ የስንቅ አቁማዳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ በአጥሩ በኩል ወደ ጓሳ መንገድ ስትታጠፍ በመስኮት አየኋት። ብርጭቆዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። የስብሰባው ጉዳይ ምን እንደነበር ዛሬ ቢገርፉኝም አላስታውሰውም።

ሰኞ ትምህርት አልነበረም። ተማሪ አስተማሪ ሳይባል ሳምንቱን ሙሉ እርከን ሥራ ወጣን። ድንጋይ ተሸክመን፣ እጃችን ተልጦ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ክፍል ተመለስን። አስካለም መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ትምህርት ሳይጀመር አስተማሪዎች ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ደጀኔ» አለች።

ደጀኔን በወሬ አውቀው ነበር። ከብዙ ሴቶች በኋላ የመጣ ወንድ ልጅ ነው፤ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ቆማ ነገረችኝ። ዛሬም ድምጿ እንዳለ ነው።

«ዓርብ ማታ ስደርስ ሦስተኛ ቀኑ ነበር ሲያስቀምጠው። እማዬ ውሃ ከልክላው ነበር፤ ‹ውሃ ይብስበታል› ብላ። እኔ ‹የለም፣ ቲቸር ዛሬ አስተምረውናል፣ የጨው ውሃ ነው የሚያድነው› አልኳት። እማዬም ‹የተማረ ያውቃል፣ እንዳልሽ አድርጊ› አለችኝ። ለበጎቹ የተቀመጠውን አሞሌ በመጥረቢያ ፈልጬ፣ ጭብጥ የሚያህለውን ጆግ ውስጥ በጠበጥኩት። አልጠጣም ሲል ይዘን ጋትነው። ቅዳሜም ጋትነው፣ እሑድም። ጥሬውን ውሃ ባየ ቁጥር ያለቅስ ነበር፣ ቲቸር። እጁን ወደ እንስራው እየዘረጋ። ጨው የሌለው ውሃ አይረጋም ስላሉን አልሰጠነውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሰኞ ጠዋት አረፈ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳስተማሩን ነው ያደረግሁት፣ ቲቸር። አጠፋሁ እንዴ?»

በግ አሞሌውን ይልስና ወደ ወንዝ ይወርዳል። የጠማውን ያህል ይጠጣል፤ ማንም አይከለክለውም። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ግን በገዛ እግሩ ወንዝ አይወርድም። ይህ ሐሳብ ያኔውኑ፣ እሷ ፊቴ ቆማ ሳለ፣ ብልጭ አለብኝ። ሌላውም ሁሉ ተከተለ። ጨዉ ደሙ ውስጥ ሲከማች ውሃው ከየሕዋሱ እየተሳበ ሲወጣ፣ የአንጎል ሕዋሶች ሲኮማተሩ፣ መንዘፍዘፉ ሲመጣ፣ አንድ በአንድ ታየኝ። መልሱ መማሪያ ክፍሉ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ወረቀት ለብሶ ተቀምጧል። ልጅቷም መልስ እየጠበቀች ነው። እኔም አፌን ከፍቼ፣ «ጎበዝ! የምትችዪውን አድርገሻል» አልኳት።

ላስተዛዝናት ብዬ ነው? አዎ፣ ያም አለበት። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ ወንድምሽን በእጅሽ ገደልሽው እንዴት ይባላል? ግን ለራሴም ፈርቼ ነበር። ነገሩ ከተሰማ የሚጠየቀው ማን ነው? ያጨበጨበው ማን ነው? ለእሷ ያዘንኩት ምን ያህል፣ ለራሴ የፈራሁት ምን ያህል እንደነበር ለመለየት አርባ ዓመት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ዝምታዬ ግን እሷን ብቻ አልጎዳም። በዚያች ጠዋት ተማሪዎቹ ሳይገቡ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ሽታው ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ሦስተኛውን ብርጭቆ ከነወረቀቱ አውጥቼ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደፋሁት። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና፣ ጠመኔዬን አንስቼ፣ «ዛሬ ስለ ልብ እንማራለን» አልኩ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ሦስተኛው ብርጭቆስ?» አለ። «ተሰበረ» አልኩት። አርባ አምስት ተማሪ ጨው ውሃ ያረጋል ብሎ እንደተማረ ቀረ። ከነዚያ መካከል ስንቱ ያን ግማሽ ትምህርት ይዞ ቤቱ ገብቶ ይሆን? እሱን ማሰብ አልችልም፤ ግን አስበዋለሁ።

ከወር በኋላ አስካለ ከስንቋ ጋር አንድ ጥቅል ተሸክማ መጣች። እናቷ ራሳቸው ፈትለው፣ መንደር ውስጥ አሠርተው የላኩት ባና ነበር። «እናቴ ‹ልጄን ለማዳን ለደከሙልኝ ስጪልኝ› ብላለች። ደግሞ የክርስትና ስምዎን ጠይቂልኝ አለች፤ በጸሎቷ ልታስብዎ» አለችኝ። ወለተ ኪዳን እንደምባል ነገርኳት። ምን አማራጭ ነበረኝ? ባናውን ግን አንድም ቀን አልጋዬ ላይ አላነጠፍኩትም። መሐል ሜዳ ውሃ በእንስራ ውስጥ በሚረጋበት ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ባናው ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ብል በላው። አስካለ በዓመቱ ትምህርቷን ለመጨረስ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ያንን ትምህርት በየዓመቱ አስተማርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን ብርጭቆ ነበር መጀመሪያ የምገልጠው።

አሁን በቅርቡ፣ መንገዱ ደህና ነው በተባለ ሰሞን፣ የአንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ተዝካር ነበርና ወደ መሐል ሜዳ ልሄድ መናኸሪያ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ቦርሳዬን ሳስተካክል አንዲት ሴት እጄን ሳብ አደረገችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። «ቲቸር! ረሱኝ? አስካለ ነኝ እኮ፣ ዘጠነኛ ቢ» አለችና ትከሻዬን ሳመችኝ። ረዳቱ «ማዘር፣ ይቀመጡ እንጂ!» ብሎ እስኪገፋኝ ድረስ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ ተቀመጠች። ነርስ ሆናለች፤ በግሼ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አሁን ስትናገር ዓይኗን መሬት ላይ አትተክልም። እኔ ነበርኩ ጫማዬን የማየው።

ጣርማበርን አልፈን፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ደም ግፊቴ አወራን። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ላይ የሚያለቅስ ልጇን ታባብል ነበር። አስካለ ዘወር ብላ «ምን ሆነብሽ?» አለቻት። ሆዱን እያመመው ያስቀምጠዋል አለች። አስካለ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ዱቄት ሁለት ከረጢት አውጥታ ከያዘችው የአንድ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ጋር ሰጠቻት። «አንዱን ከረጢት በዚህ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ። ከዚህ ባነሰ ውሃ እንዳትበጠብጪው፣ አደራ!» አለቻት፤ ሴትየዋ ደግማ እስክትነግራት ድረስ አልለቀቀቻትም። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «እኔ በአፍ ብቻ ነግሬ አልሸኝም፣ ቲቸር። ‹ቤትሽ ያለውን ጆግ ይዘሽ ነይ› ነው የምለው። ፊቴ ነው የሚበጠብጡት። ከዚያ እቀምሰዋለሁ።»

«ለምን ትቀምሺዋለሽ?» አልኳት።

«ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ እደፋዋለሁ» አለች።

ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን፣ የልጁ ለቅሶ፣ የሞተሩ ጩኸት ሁሉም ነበር፤ እኔ የምሰማው ግን የዚያን የደወል ቸርኬ ድምፅ ነበር። ታውቃለች። ስንት ዓመት ታውቃለች? ሞላሌን ስናልፍ ጉሙ ገለጥ አለ፤ የገብስ ማሳው ታየ። አስካለ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ደወሉ ባይደወል ኖሮ፣ በሦስተኛው ብርጭቆ ምን ሊያሳዩን ነበር?»

እንደማታውቅ አድርጋ አልነበረም የጠየቀችኝ፤ እያወቀች ነው። ልትሰማው የፈለገችው ከእኔ አፍ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አርባ ዓመት አፌ ውስጥ የቆየ ነገር ነበረኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያ የክፍል ድምፄ፣ የሞተ የመሰለኝ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጨው ልክ ሲኖረው ውሃውን ያረጋል» አልኩ። «ከልክ ሲያልፍ ግን ያው ጨው ውሃውን ከሕዋሱ ውስጥ እየሳበ ያወጣል። ሽፋኑ ሊያቆመው አይችልም። ውጭው ውሃ ሆኖ ሳለ ሕዋሱ ይደርቃል። በግ አሞሌ ሲልስ የሚያድነው አሞሌው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ወንዝ ወርዶ የሚጠጣው ውሃ ነው። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ውሃውን የምንሰጠው እኛ ነን። ይሄን ልነግራችሁ ነበር። ድንቹን አውጥቼ ሲልመጠመጥ ላሳያችሁ ነበር።» ከኋላ ያለችው እናት ልጇን ማባበል ትታ ትሰማኝ ነበር።

አስካለ መነጽሯን በእጇ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ጎበዝ ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ያወቅሁት ነርስነት ስማር ነው» አለች። «መምህሩ ሲያስረዳ ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። ሳምንት አልተመለስኩም። ከዚያ ወዲህ ሲበላኝ የኖረው ‹ቲቸር አውቀው ይሆን?› የሚለው ነው። ካላወቁ በእኔው ይለፍ፣ ለምን በእርጅናቸው አሳዝናቸዋለሁ እያልኩ። ደብረ ብርሃን ለስብሰባ ስመጣ ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ካወቁማ፣ ለምን ብቻዬን ተዉኝ?»

እጇን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። አልከለከለችኝም፤ ግን አልጨበጠችኝም። እንደዚያ ሆነን መሐል ሜዳ ገባን። ያ የልብስ ሰፊ ሱቅ የነበረበት ጥግ ባለ ፎቅ ሆኗል፤ ታች የስልክ ካርድና የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ወረድን። ቦርሳዬን እስከ ተዝካሩ ቤት በር ድረስ ተሸክማልኝ መጣች። ልትሄድ ስትል ቆም አለች።

«እናቴ ዛሬም አለች» አለችኝ። «ሰማንያውን ካለፈች ቆየች፤ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ጸሎቷን ግን አታስታጉልም። ጠዋት ጠዋት ከደጀኔ ስም ቀጥላ ‹ወለተ ኪዳንን አስብልኝ› ትላለች። አንድም ቀን አስቀርታ አታውቅም። እሷን ይተዉልኝ፣ ቲቸር። ለእሷ እንዳይነግሩብኝ።»

«አልነግራትም» አልኩ።

«እግዜር ያክብርልኝ» አለችና በጓሳው መንገድ በኩል ሄደች። በዚያች ዓርብ በመስኮት እንዳየኋት፣ በዚያው ማጠፊያ ታጥፋ ጠፋች።

ተዝካሩ ላይ ምን እንደተበላ አላውቅም። ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። ሐኪሙ ባለፈው ጊዜ ክንዴን ጠፍሮ ሲያበቃ፣ «ጎበዝ፣ እማማ! ወርዶልዎታል» አለኝ፤ ክንዴን ከእጁ ነጥቄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጠዋት ልጄ ጨው የሌለውን ገንፎዬን አቅርባልኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በመስኮቱ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይመጣል፤ ከጓሳ ሥር ያሉት ዓይነ ስውር አሮጊትም በዚያው ሰዓት ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። መጀመሪያ ደጀኔን ይጠራሉ። ቀጥሎ የማን ስም እንደሆነ አውቃለሁ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ጠርተው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ፤ ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ድረስ።